ሐዋ ገበያ እንድትወርድ

ስሙኝማ፤ የምነግራችሁ ነገር እንደ ጥጥ ፈትል ነው። ጫፉን ከያዛችሁት አንዱ ሌላውን እየሳበ ይመጣል። ጫፉ ደግሞ ትንሽ ናት፦ አንዲት ሴት ገበያ መውረድ አማራት።

ሴትዮዋ ሐዋ ትባላለች። የምትኖረው አምባ ወይራ በምትባል ከተማ፣ ላይ ሰፈር ነው። በአምባ ወይራ ሰው የሚያድረው ከላይ ነው። ገበያው፣ ማዘጋጃ ቤቱና መናኸሪያው ከታች ናቸው። በመሃል ስልሳ ሁለት የድንጋይ ደረጃ አለ። ሐዋ በዚያ ደረጃ እየወረደች ሠላሳ ዓመት ፈትል ሸጣለች። ዐይኗ ከጠፋ በኋላም አልቀረችም። ባሏ አያ ይማም፣ ልብስ ሰፊው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በክንዱ ይዟት ይወርድ ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን አርባኛው ደረጃ ላይ አያ ይማምን ጉልበቱ ከዳው። ተያይዘው ወደቁ። እሷ ክርኗ ተላጠ፤ እሱ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ሐዋ ገበያ የሚለውን ቃል አላነሳችም። እንውረድ ሲላት አንድ ቀን ደመናውን፣ አንድ ቀን ጭቃውን ታሳብባለች። እሱ ግን ገብቶታል። ሴትዮዋ ለራሷ አልፈራችም፤ የፈራችው እሱን ይዛው እንዳትወድቅ ነው።

አንድ ቅዳሜ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል የገበያው ሁካታ ከታች ወጣ። እንዝርቷን አቆመች።

“ድምፁ ይደርሰኛል፤ ሰዉ ግን አይደርሰኝም” አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ ደረጃው መያዣ ብረት ቢኖረው ኖሮ ማንንም ሳላስቸግር እወርድ ነበር አለች። ሰው ‘ዝናብ በዘነበ’ እንደሚለው ነው ያለችው፤ ማንንም ልትለምን አይደለም።

አያ ይማም ሰኞ ጠዋት ምርኩዙን አንስቶ ወረደ።

መጀመሪያ የሄደው ወደ በያጁ ወደ ደርቤ ነው። ደርቤ የማዘጋጃ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ አያ ይማም በልጅነቱ የተማሪ ቤት ልብሱን የሰፋለት ሰው ነው። አያ ይማም የመጣበትን ነግሮት ገና ሳይጨርስ፣ ደርቤ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወሰደው። ከውሃ መስመር የተነቀሉ ያረጁ ቱቦዎች ተደርድረው አሳየው። ጠንካሮች ናቸው፤ ዝገታቸው ቢፋቅ ስልሳ ሁለቱንም ደረጃ ያዳርሳሉ።

“ብረቱም አለ፣ እጄም አለ፣ አያ ይማም” አለ ደርቤ። “ነገር ግን ደረጃው የሕዝብ ነው። መሐንዲሷ ሳትስል በሕዝብ ደረጃ ላይ አንዲት ነጥብ ብበይድ ነገ የሚበየደው የእኔ አፍ ነው።”

አያ ይማም ምሽት ላይ ለሐዋ ነገራት። መሐንዲሷ ሳትስል በያጁ አይበይድም፤ በያጁ ሳይበይድ ብረቱ አይቆምም፤ ብረቱ ሳይቆም ሐዋ ገበያ አትወርድም። ሐዋ እንዝርቷን ማሾሯን ቀጠለች። እኔ መቼ አዘዝኩዎት የምትል ትመስላለች።

በማግሥቱ መሐንዲሷ ዘንድ ሄደ። ፍሬሕይወት ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ከተማዋንም ገና እየለመደች ነው። ነገሩን እንደሰማች ሜትሯን ይዛ አብራው ወጣች። ደረጃውን አንድ በአንድ ለካች። የትኛው ላይ እንደወደቁ ጠየቀችው፤ ሲያሳያት በጠመኔ ምልክት አደረገችበት። ከዚያ ቢሮዋ ተመልሳ አንገቷን ደፋች። ዛሬውኑ መሳል እችላለሁ አለችው፤ ግን የከተማው ሥራ አስኪያጅ ካላዘዘኝ የምስለው ሥዕል እንጂ ንድፍ አይሆንም። እሱ ሳያዝዝ ማኅተም የለኝም።

ያን ቀን አያ ይማም ሲመለስ ነገሩ አንድ ክንድ ረዝሟል። ሥራ አስኪያጁ ሳያዝዝ መሐንዲሷ አትስልም፤ መሐንዲሷ ሳትስል በያጁ አይበይድም፤ በያጁ ሳይበይድ ብረቱ አይቆምም፤ ብረቱ ሳይቆም ሐዋ ገበያ አትወርድም። ሐዋ ጉልበቱን በሞቀ ውሃ አሸችለት።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሩጫ የበዛበት ሰው ነበር። ውሃው፣ መንገዱ፣ ጥራጊው፣ ቄራው ሁሉ ከእሱ ትከሻ ላይ ነው። አያ ይማምን ሲያናግረው ሁለት ጊዜ ስልክ ተደወለለት፤ ሁለቴም ይቅርታ ጠየቀው። እኔ የተወሰነውን አስፈጽማለሁ እንጂ ያልተወሰነውን አልፈጥርም አለው። የዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ስለ ደረጃ መያዣ የተጻፈ የለም። ከንቲባው በደብዳቤ ይምሩልኝና በዚያው ቀን አዝዛለሁ አለ።

ሐዋ ምሽቱን ቀድማ ጠየቀችው። “ዛሬስ ማን ቀረ?”

አያ ይማም እየተነፈሰ ነገራት። ከንቲባው ሳይጽፍ ሥራ አስኪያጁ አያዝዝም፤ ሥራ አስኪያጁ ሳያዝዝ መሐንዲሷ አትስልም፤ መሐንዲሷ ሳትስል በያጁ አይበይድም፤ በያጁ ሳይበይድ ብረቱ አይቆምም፤ እዚህ ላይ ሐዋ ፈገግ ብላ ተቀበለችውና፣ ብረቱ ሳይቆም ሐዋ ገበያ አትወርድም፣ ብላ ጨረሰችለት።

ከንቲባውን ለማግኘት ሁለት ቀን ደጅ ጠና። በሦስተኛው ቀን ከንቲባው ራሱ ከቢሮው ወጥቶ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ ከኪሱ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መጽሐፍ አወጣ። የከተማው ቻርተር ናት። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ለማን መልስ እንደሚሰጥ የተጻፈባት። ጠርዟ በመገለጥ ብዛት ተበልቷል።

ሰው ከንቲባን እንደ ድሮ ሹም ያየዋል አለ ከንቲባው፤ እኔን የመረጠኝ ግን ምክር ቤቱ ነው፤ ካልሠራሁም የሚያነሳኝ እሱ ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ አዲስ ነገር የሚተከለው ምክር ቤቱ ሲወስን ብቻ ነው ይላል ቻርተሩ።

አያ ይማም እዚያች ላይ ቱግ አለ። ይህ መጽሐፍ የሚከለክለው ምን ክፉ ነገር ሆኖ ነው፣ አንድ ብረት አይደለም ወይ፣ ብሎ ጠየቀው።

ከንቲባው አልተቆጣም። “አባቴ፣ እኔ ዛሬ በገዛ ፈቃዴ ብተክልልዎት፣ ነገ ሌላ ከንቲባ መጥቶ በገዛ ፈቃዱ ይነቅለዋል። ምክር ቤቱ የተከለውን ግን ማንም ብቻውን አይነቅለውም።”

አያ ይማም ምርኩዙን አንስቶ ተነሳ። እንደተናደደም ወጣ። ስልሳ ሁለቱን ደረጃ ሲወጣ ግን ነገሩን እያላመጠው ወጣ፤ እቤቱ ሲደርስ ግማሹን ውጦታል። ለሐዋም እንዲህ አላት። ምክር ቤቱ ሳይወስን ከንቲባው አይጽፍም፤ ከንቲባው ሳይጽፍ ሥራ አስኪያጁ አያዝዝም፤ ሥራ አስኪያጁ ሳያዝዝ መሐንዲሷ አትስልም፤ መሐንዲሷ ሳትስል በያጁ አይበይድም፤ በያጁ ሳይበይድ ብረቱ አይቆምም፤ ብረቱ ሳይቆም ሐዋ ገበያ አትወርድም።

“እስቲ ይድገሙልኝ” አለች ሐዋ። ደገመላት። እንዝርቷ በቃሉ ልክ ይሾር ጀመር።

የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ አቶ ሙህዬ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አያ ይማም ሲገባ አዳራሹ ውስጥ ጨርቅ ይዘው ወንበር ይወለውሉ ነበር። አሥራ አምስት ወንበር ነው። አሥራ አምስቱን ሁሉ ይወለውላሉ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሰው መጣም አልመጣም። ቁጭ አድርገው፣ እንደ ተማሪ ቤታቸው ጊዜ በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱት። ነዋሪው አሥራ አምስት ሰው ይመርጣል። ከአሥራ አምስቱ ስምንት ካልተገኘ ጉባኤ አይባልም። ሦስቱ ከተማ ለቀዋል፤ ማሟያ ምርጫው ገና ነው። አራቱ መምህራን ናቸው፤ ለክረምት ትምህርት ሄደዋል። ከቀሩት ስምንት ሰባቱ ማክሰኞን አያጓድሉም። ስምንተኛዋ ግን ይኸው አራት ወሯ፣ ወንበሯ ባዶ ነው።

“ሰባት ሆነን ተቀምጠን እንተያያለን” አሉ አቶ ሙህዬ። “ከዚያ ሰባት ሆነን እንበተናለን።”

አያ ይማም ስምንተኛዋ ማን እንደሆነች ጠየቃቸው። የላይ ሰፈር ተመራጭ፣ ወይዘሮ አንጓች፣ አሉት። አያ ይማም ሳቀም አፈረም። አንጓች ጎረቤቱ ናት። ከቤቱ ስድስት ቤት አልፎ ነው የምትኖረው። ድምፁንም የሰጠው ለእሷ ነው። ከሰጣት ወዲህ ግን ደህና ነሽ ወይ ብሎ አያውቅም።

ሲመለስ አርባኛው ደረጃ ላይ፣ ጠመኔው ካለበት፣ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊ ነውና መንገዱን ስፌት በስፌት አሰበው። እኔ መያዣ ልፈልግ ወጥቼ በየቀኑ ከመያዣው እየራቅሁ ነው፤ ከሐዋ ተነስቼ ብረት፣ ከብረት በያጅ፣ ከበያጅ መሐንዲስ፣ አሁን ደግሞ ወደ ገዛ ሰፈሬ ተመለስኩ። ዐይኑ እንባ አቀረረ። ተሸካሚዎች ሲያልፉ ላብ አስመስሎ ጠረገው።

ያን ማታ ሐዋ ነገሩን ራሷ አለችው፤ እሱ የጨመረላት ጫፉን ብቻ ነው። አንጓች ሳትወጣ ጉባኤው አይሞላም፤ ጉባኤው ሳይሞላ ምክር ቤቱ አይወስንም፤ ምክር ቤቱ ሳይወስን ከንቲባው አይጽፍም፤ ከንቲባው ሳይጽፍ ሥራ አስኪያጁ አያዝዝም፤ ሥራ አስኪያጁ ሳያዝዝ መሐንዲሷ አትስልም፤ መሐንዲሷ ሳትስል በያጁ አይበይድም፤ በያጁ ሳይበይድ ብረቱ አይቆምም፤ ብረቱ ሳይቆም ሐዋ ገበያ አትወርድም።

የአንጓች በር ከውስጥ በገመድ ታስሮ አገኘው። ገመዱ ተፈታ፤ አንጓች ብቅ አለች። ጠጉሯ አልተሠራም፤ ዐይኗ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል። ከጀርባዋ ቀጭን አሮጊት ተቀምጠዋል። እናቷ እማማ ትብለጥ ናቸው።

“በሬው ገባ?” አሉ እማማ ትብለጥ።

“ገባ፣ እማዬ” አለች አንጓች፤ ዞር እንኳ አላለችም።

አያ ይማም የመጣበትን ከመናገሩ በፊት እሷው ነገረችው። እናቷን መርሳት ይዟቸዋል። በሐሳባቸው ወደ ድሮ ዕድሜያቸው ተመልሰው የገጠር ቤታቸው ውስጥ ናቸው፤ ማታ በሬው እስኪገባ ይጠብቃሉ። መልስ ካላገኙ በሬውን ሊፈልጉ ይወጣሉ። አንድ ቀን እንዲሁ ወጥተው መናኸሪያ ነው የተገኙት። ሌላ ሰው እንዳታስቀምጥላቸው፣ የማያውቁት ሰው ሲያዩ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ። ሁለት ሴቶች ሞክረው አልሆነላቸውም። ይህን ስትናገር እማማ ትብለጥ በሬውን ሦስት ጊዜ ጠየቁ፤ ሦስት ጊዜም ገባ ተባሉ።

“አያ ይማም፣ እናንተ እኔን መርጣችሁኛል” አለች በመጨረሻ። “እኔ ደግሞ እናቴን መምረጥ ግድ ሆነብኝ።”

እሱም ስለ ብረቱ ሳያነሳ፣ አላህ ያሽርልሽ ብሎ ወጣ። እንዴት ያንሳው።

ለሐዋ ሲነግራት ዜማው ከድምፁ ጠፍቶ ነበር። እማማ ትብለጥ ሳይረጉ አንጓች አትወጣም፣ አለና እዚያው ላይ ቆመ። የቀረውን ታውቂዋለሽ፣ እዚህ ላይ አለቀ፣ መርሳትን የሚያዝዝ ሹም በቻርተሩም የለ፣ አላት።

ሐዋ ፈትሏን ጠቀለለች። “ወደ አንጓች ቤት ደረጃ አለ?”

“የለም፤ ሜዳ ነው።”

“እንግዲያስ ያድርሱኝ።”

በማግሥቱ ከሰዓት በክንዱ ይዟት ሄደ። ጥጧንና እንዝርቷን ይዛለች። እማማ ትብለጥ ሲያዩዋት እጃቸውን ሰበሰቡ። ይቺ ማን ናት፣ በሬውን የነዳችው ናት ወይ፣ አሉ፤ ድምፃቸው ሊሰበር ደረሰ። አንጓች በሐፍረት ሐዋን ልትመልሳት ተነሳች። ሐዋ ግን መሬቱን ዳብሳ ቁጭ አለችና መፍተል ጀመረች። አሮጊቷም ቀስ በቀስ ዐይናቸውን እንዝርቱ ላይ ጣሉ።

“በሬው ገባ?” አሉ።

“አልገባም” አለች ሐዋ።

አንጓች ደነገጠች። በዚያ ቤት እንዲህ ተብሎ አያውቅም።

“ለምን አልገባም?”

“በሩ ሳይከፈት በሬው አይገባም፣ እማማ።”

እማማ ትብለጥ አሰቡበት። እውነት ነው፤ በሬ በተዘጋ በር አይገባም። “በሩስ?” አሉ።

“እረኛው ሳይመጣ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ሳይከፈት በሬው አይገባም።”

“እረኛውስ?”

ሐዋም ቀጠለች። ሣሩን ጨመረች፣ ዝናቡን ጨመረች፤ የምትጨምረው ሲያልቅባት ሳታስበው ወደ ራሷ ነገር ገባች። ከንቲባው ሳይጽፍ ሥራ አስኪያጁ አያዝዝም፤ ሥራ አስኪያጁ ሳያዝዝ መሐንዲሷ አትስልም። አሮጊቷ መሐንዲስ ምን እንደሆነ አልጠየቁም። ጭንቅላታቸውን በእንዝርቱ ልክ እያወዛወዙ መጨረሻዋን ያዙ። ሐዋ፣ ብረቱ ሳይቆም ሐዋ ገበያ፣ ስትል፣ እሳቸው፣ አትወርድም፣ ይላሉ። ሲያልቅ እንደገና በይው ይላሉ። ሌላ ሰው የሚታክተው ነገር ለእሳቸው ሁልጊዜ አዲስ ነበር። ሐዋም ብትሆን ከዓመት ወዲህ ይህን ያህል የሰማት ሰው አልነበረም። አንጓች ግድግዳውን ተደግፋ በቁሟ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሳምንቱን ሁሉ ከሰዓት ከሰዓት እንዲህ ሆነ። ማክሰኞ ደረሰ።

አንጓች ጠጉሯን ተሠርታ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እናቷን ከሐዋ ጋር ትታ ወጣች። ደረጃው ላይ አያ ይማምን በክንዱ ደግፋ አወረደችው፤ ሦስት ጊዜ ዞር ብላ ወደ ቤቷ አየች። አዳራሹ ውስጥ ሰባቱ ተቀምጠው ነበር። ስምንተኛው ወንበር ላይ ስትቀመጥ አቶ ሙህዬ በጣታቸው ሁለት ጊዜ ቆጠሩና፣ ሞልቷል፣ አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ።

አያ ይማም ከኋላ ለነዋሪ በተተወው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የቄራው ፍሳሽ ተነሳ፤ ረጅም ሰዓት በላ። አንጓች መስኮቱን ታያለች፤ እጆቿ አያርፉም። በኋላ የደረጃው ነገር ቀረበ። አንድ ባለሱቅ ተመራጭ፣ ክፉ ልብ ኖሮት ሳይሆን፣ የከተማው ችግር ብዙ ነው፣ ለአንዲት ሴት ብለን ነው ወይ፣ ብሎ ጠየቀ። አንጓች ተነሳች። ነፍሰ ጡሯም፣ ኩንታል ተሸካሚውም፣ የባለሱቁም እናት በዚያው ደረጃ እንደሚወርዱ ተናገረች። እኔም ለምርጫ ስቀሰቅስ ስንቴ ወጥቼ ወርጄበት መያዣ እንደሌለው አላየሁም፣ ዐይን ስላለኝ ነው፣ አለች።

አቶ ሙህዬ ምክር ቤቱን አስፈቅደው ለአያ ይማም ዕድል ሰጡት። አያ ይማም በምርኩዙ ተነሳ። ሌሊቱን ሲያዘጋጀው ያደረው ንግግር ነበር፤ ከቻርተሩም አንድ ቃል ሸምድዶ ነበር። ሁሉም ጠፋበት።

“መያዣዋ እኔ ነበርኩ” አለ። “ደከምኩ።”

ከዚያ ተቀመጠ። አቶ ሙህዬ የሚደግፍ እጁን ያውጣ አሉ። ሰባት እጅ ወጣ፤ ባለሱቁም ጥቂት ቆይቶ፣ አንገቱን እያከከ፣ የራሱን አወጣ።

አንጓች ስብሰባው እንደተዘጋ ሮጠች። አያ ይማም በምርኩዙ ተከተላት፤ ሲደርስ እቤቷ ደጃፍ ላይ ደርቃ ቆማ አገኛት። ገመዱ ተፈትቷል። በሩ ወለል ብሏል። እቤት ውስጥ ሰው የለም፤ እንዝርቱ መሬት ላይ ወድቋል።

አንዲት እናት መርሳት የያዛቸው፣ አንዲት ሴት ዐይን የሌላት። አያ ይማም ያሰበው ደረጃውን ነው፤ አሁን የወጣበት መሆኑን እንኳ ዘንግቷል። አንጓችም ያንኑ አሰበች መሰለኝ፣ እየጮኸች ወደዚያ ዞረች።

ሁለቱ ሴቶች ግን በሌላው አቅጣጫ፣ ከጓሮው ቅያስ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየመጡ ነበር። እማማ ትብለጥ በየአጥሩ ጎንበስ እያሉ በሬውን ያያሉ። ሐዋ በግራ እጇ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ እዚህ ጋ ወደ ቀኝ ነው፣ እማማ፣ ትላለች። ሊሄዱ ሲነሱ ልታስቀራቸው አልቻለችም፤ ስለዚህ አብራቸው ወጣች። አንዷ ታያለች፣ አንዷ መንገዱን ታውቃለች።

አንጓች እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። እማማ ትብለጥ የሐዋን እጅ አልለቀቁም። ልጃቸውን ሲያዩ ኮራ አሉ።

“ይቺ ሴት ዐይን የላትም” አሏት በሹክሹክታ። “እኔ ነኝ የያዝኳት፤ እንዳትወድቅ።”

ያን ቀን ስለ በሬው ዳግመኛ አልጠየቁም።

እንግዲህ ፈትሉ የተመለሰው እንዲህ ነው። እማማ ትብለጥ ሲረጉ አንጓች ወጣች፤ አንጓች ስትወጣ ጉባኤው ሞላ፤ ጉባኤው ሲሞላ ምክር ቤቱ ወሰነ፤ ምክር ቤቱ ሲወስን ከንቲባው ጻፈ፤ ከንቲባው ሲጽፍ ሥራ አስኪያጁ አዘዘ፤ ሥራ አስኪያጁ ሲያዝዝ መሐንዲሷ ሳለች፤ መሐንዲሷ ስትስል በያጁ በየደ፤ በያጁ ሲበይድ ብረቱ ቆመ። ደርቤ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ቱቦዎቹን ገጠመ፤ መሐንዲሷም ሰውነቷን ሁሉ ጥላበት እየነቀነቀች ፈተነችው። አልተነቃነቀም። ማክሰኞ የተወሰነው ነገር ዓርብ አለቀ። ብረቱም ቆመ፤ ብረቱ ሲቆም ሐዋ ገበያ ወረደች።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አያ ይማም አንድ ደረጃ ቀድሟት ወረደ፣ ብትወድቅ በሰውነቱ ሊይዛት። አልወደቀችም። አርባኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ እሱ ቆመ፤ እሷ ግን ሳታውቀው አለፈችው። ታች የፈትል ሻጮቹ ገና ከሩቅ አይተዋት ኖሮ አንዷ ጥጧን ጥላ ተነሳች። ሐዋን ዓመት ሙሉ ያላወሯትን በአንድ ጠዋት አወሯት። ማን እንደወለደች፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ከማን እንደተጣላ። አያ ይማም ጥላ ሥር ሆኖ ከሩቅ ፊቷን ሲያይ ዋለ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሐዋ አሁንም እማማ ትብለጥ ዘንድ ትሄዳለች። አንጓችም ወንበሯን አታጓድልም። መምህራኑ ሲመለሱ ጉባኤው አሥራ ሁለት ሆኖ፣ አቶ ሙህዬ ወንበር ስወለውል የሚያግዘኝ ሰው ስጡኝ ማለት ጀምረዋል አሉ።

በሁለተኛው ቅዳሜ አያ ይማም ምርኩዙን ሲያነሳ ሐዋ እጇን ደረቱ ላይ አደረገች።

“ዛሬ ጉልበትዎን ያሳርፉ” አለችው። “እኔ ደርሼ እመጣለሁ።”

እስከ ደረጃው አፍ ሸኛት። እጇን ብረቱ ላይ አኖረላት። የጠዋት ፀሐይ አሙቆት ነበር። ወረደች። ዐይኑን እንኳ ሳይነቅል ቆመ፤ ጀርባዋ በሰው መሃል ሲጠፋበት ደግሞ በጆሮው ተከተላት። ቀለበቷ ብረቱን በነካ ቁጥር ኪል ይላል። ኪል፤ ኪል፤ እየራቀ፣ እየቀጠነ። መጨረሻው የገበያው ድምፅ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

አያ ይማም የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ደስ ብሎታል፤ በጣም ደስ ብሎታል። ቀኝ ክንዱን ግን የት እንደሚያኖረው ጨነቀው። ጭኑ ላይ አኖረው፤ አነሳው። በኋላ ብረቱ ላይ፣ የእሷ እጅ ከነበረበት፣ አሳረፈው፤ እስክትመለስም አላነሳው።

እኔ ወሬውን እስከዚህ አውርጄዋለሁ፤ ከዚህ ወዲያ እናንተ ያዙት።